ድልድይ ለማን ይሠራል?



ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽን የሚሻገረው በመልካሳ በኩል ነው። «መልካ» በአፋን ኦሮሞ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። መልካ ሲመረጥ ሕፃኑም፣ አዛውንቱም፣ ከብቱም እንዲያልፍ ውሃው የሳሳበት፣ ዳርቻው ያልገደለ ቦታ ይፈለጋል። የድልድይ ንድፍም የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው፤ ማን ይሻገራል?

አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ውብ የሐይቅ ዳርቻዎች አሏት። ዐባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣባት በባሕር ዳር ከተማ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን ድልድይ እንመልከት። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። በቀድሞው ጠባብ ድልድይ ላይ መኪና፣ ብስክሌትና እግረኛ ይጋፉ ነበር። በአዲሱ ላይ ተሽከርካሪ በየአቅጣጫው 3 መስመር ሲኖረው፣ ለብስክሌተኛውና ለእግረኛውም መተላለፊያ ተለይቶላቸዋል። ብስክሌት ለሚበዛባት ባሕር ዳር ይህ የብዙ ሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ከወለሉ በላይ የሚታዩት አጫጭር ምሰሶዎችና የተወጠሩት የብረት ኬብሎች ለዓይን ያምራሉ፤ ሥራቸው ግን ከባድ ነው። ኬብሎቹ የወለሉን ሸክም በከፊል ተቀብለው ለምሶሶው ያስረክባሉ፤ ምሶሶውም ወደ መሠረቱ ያወርደዋል። በዚህም ዘዴ በወንዙ ውስጥ የሚቆሙት እግሮች ጥቂት ይሆናሉ፤ ውሃውም እንደ ልቡ ያልፋል።

ወደ አርሲ ደጋ እንመለስ። ከጭላሎና ከአካባቢው ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ተማሪውን ከትምህርት ቤቱ፣ ነፍሰ ጡሯን ከጤና ጣቢያዋ ይለያሉ። ድልድይ ባለበትም ቢሆን እግረኛው፣ ጋሪውና የጭነት መኪናው በአንድ ጠባብ መስመር ሲተላለፉ አደጋው ቀላል አይደለም። በዳር በኩል አንዲት ሜትር ተኩል የእግረኛ መንገድና ጠንካራ አጥር ቢጨመር ብዙ እናቶች ልጃቸውን ያለ ስጋት ወደ ትምህርት ቤት ይልካሉ። ይህ ግን ንድፉ ላይ ካልታሰበ ኋላ መጨመሩ እጅግ ውድና አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! በአካባቢያችሁ ድልድይ ሊሠራ ሲታሰብ ቁፋሮው እስኪጀመር አትጠብቁ። መሐንዲሱ የድልድዩን ከፍታ የሚወስነው የጎርፉን መጠን አውቆ ነውና፣ ወንዙ በከፋው ክረምት እስከየት እንደ ደረሰ ያዩ አዛውንቶች ቦታውን ያሳዩት። ተማሪው፣ ጋሪውና ከብቱ በየት በኩል እንደሚመጡም ንገሩት። ምህንድስና የምትማሩ ወጣቶቻችንም፣ ወረቀቱ ላይ መስመር ከማስመራችሁ በፊት ወንዙ ዳር ቆማችሁ የሚሻገረውን ሰው ተመልከቱ።