የውሻው ወረቀትና የመተማው በሬ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የፋሲካ ዋዜማ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት በሚኖሩበት የካርቱሙ ጀሪፍ ለበዓሉ ሽር ጉድ በሚባልበት ሰዓት የከተማው ጦርነት ጀመረ። አውሮፕላን ማረፊያው ከሰፈሩ ሩቅ አይደለም፤ በዚያው ቀን ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ መውጫው የብስ ሆነ። ለውጭ አገር ሰው በፖርት ሱዳን፣ አለዚያም አገሮቹ በላኩት የጦር አውሮፕላን ከዋዲ ሰይድና፤ ለአበሻው ግን በገዳሪፍ አድርጎ ገላባት፣ ከዚያም መተማ ዮሐንስ።

ምዕራብ ጀሪፍ ከመንሺያና ከሪያድ ሰፈሮች ጋር ይዋሰናል። በእነዚህ ሰፈሮች የኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ይኖሩ ነበር፤ ከጀሪፍ በጠዋት እየወጡ በነዚያ ቤቶች ምግብ የሚያበስሉ፣ ልጅ የሚጠብቁ፣ ውሻ የሚያናፍሱ ኢትዮጵያውያትም ብዙ ነበሩ። ማስወጣቱ ሲጀመር ባለቤቶቹ ለአንድ ሻንጣ የሚሆን ቦታ እንኳ በመከራ ነው ያገኙት። ብዙ ውሻና ድመት ወይ በር ተዘግቶበት ቀረ፣ ወይ «አደራ» ተብሎ ለሠራተኛዋ ተሰጠ። አደራ የተባለችው ሴት ራሷ የምትሸሽበት መንገድ በጠፋበት ሰዓት ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚወጣው ለከብት ነጋዴ፣ ለአድላቢና ለላኪ ነው። ሰው በሚያልቅበት ጦርነት ስለ ውሻ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል፤ አይፈረድበትም። ግን ውሻውን ያስቀረው የመኪና ቦታ ጥበት ብቻ አልነበረም። ቦታ ቢገኝ እንኳ ወረቀቱ አይደርስም ነበር። የወረቀቱ ነገር ደግሞ የነጋዴው ነገር ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ቁጥር 576 መሠረት ውሻ፣ ድመትና ፌሬት ወደ ኅብረቱ አገሮች ሲገቡ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊኖራቸው ይገባል። ሱዳንም ኢትዮጵያም በሽታውን ተቆጣጥረዋል ተብለው ከተዘረዘሩት አገሮች ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከእነሱ የሚነሣ እንስሳ ክትባቱ ብቻ አይበቃውም። ከተከተበ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይወሰዳል፤ ኅብረቱ ባጸደቀው ላቦራቶሪ ተመርምሮ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሦስት ወር ይጠበቃል። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ምስክር ወረቀት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም እስከ መግቢያው ኬላ የሚያገለግለው ለ10 ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚያ የፋሲካ ዋዜማ ክትባቱን የወሰደ ውሻ ደሙ የሚቀዳው ግንቦት 7 ነው። መጓዝ የሚችለው ነሐሴ 9፣ በፍልሰታ ጾም እኩሌታ። አራት ወር ሙሉ። ደሙ የሚላከው ደግሞ ወደ ውጭ ነው፤ ካርቱም ውስጥ በሶባ ማዕከላዊ የእንስሳት ሕክምና ምርምር ላቦራቶሪ ቢኖርም፣ ለዚህ ምርመራ አውሮፓ ካጸደቃቸው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የእኛም ሰበታ የለበትም። በአፍሪካ ምድር ስሙ የሚታወቀው የደቡብ አፍሪካው ኦንደርስተፖርት ነው።

አሜሪካም ብትሆን ያው ናት። ከኦገስት 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ ማንኛውም ውሻ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት። ኢትዮጵያና ሱዳን ለእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስላሉ፣ እዚህ የተከተበ ውሻ ተቀባይነት ያለው የደም ውጤት ካላቀረበ 28 ቀን በማቆያ ይቀመጣል፤ ወጪው የባለቤቱ ነው።

የአውሮፓውን ደንብ ለሚያውቅ ሰው ግን አንድ ቀዳዳ አለ። የደም ምርመራው በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ከተደረገ ይበቃል፤ ቀጣዩ ክትባት የቀድሞው ጊዜ ሳያልፍ እስከተሰጠ ድረስ። በአንድ ቀን ቢያልፍ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ጦርነቱ ሲመጣ የደም ውጤቱን በፋይል ይዞ የተቀመጠ ሰው ይቀረው የነበረው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። ሌላው የሚያስለቅሰው ስሕተት ቅደም ተከተሉ ነው፦ ማይክሮቺፑ ከክትባቱ በፊት፣ ቢዘገይ በዚያው ቀን መገባት አለበት። ቺፑ ከኋላ የመጣ እንደሆነ፣ የተከተበው ያ ውሻ መሆኑን የሚመሰክር የለምና ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ይህን አዲስ አበባ ላይ ለትልልቅ ባለጉዳዮች ሳይቀር ማስረዳት ስንት ጊዜ ጠብ አስነሥቷል!

አሁን ውሻው ይቆይና ወደ በጉ እንምጣ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሳዑዲ ዓረቢያ የሱዳን በግ የጫኑ መርከቦችን ከጅዳ መልሳለች። በጎቹ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ክትባት መከተባቸውን የሚናገር ወረቀት ነበራቸው። ገዢው ግን ወረቀቱን አንብቦ ብቻ አላለፈም፤ ደም ቀዳ። በደሙ ውስጥ የተገኘው የመከላከል አቅም ከሚፈለገው በታች ሆነ፤ መርከቡ ተመለሰ። ከውሻው ጉዳይ በምን ይለያል? በሁለቱም ላይ ተቀባዩ አገር የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «መከተቡን አትንገረኝ፣ መያዙን አሳየኝ።»

ከሱዳን ቀደም ብሎም በ2000 (እ.ኤ.አ.) ያው በሽታ በሳዑዲና በየመን ሲነሣ የቀንዱ አገሮች ሁሉ ገበያ በአንድ ጀንበር ተዘግቷል። የበርበራ መንገድ እስኪከፈት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። የዚያ ዘመን ላኪ ዛሬም ሲያነሣው ፊቱ ይጠቁራል። ያን ያህል ዓመት ያስቆየው በሽታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያው ቶሎ በተከፈተ ነበር፤ በሽታው አለመኖሩን ገዢው በሚያምነው መንገድ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ስላልነበረም ጭምር ነው።

በመተማ በኩል የሚወጣው በሬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ደላላው ያውቀዋል፣ ነጂው ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ግን አያውቀውም። የምስክር ወረቀቱ ላይ የከብቱ ብዛት ይጻፋል እንጂ የትኛው ከብት እንደሆነ አይጻፍም። ውሻው 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ከቆዳው ሥር ሲይዝ፣ ከአሥር ውሻ በላይ ዋጋ የሚያወጣው የደለበ ሰንጋ የጆሮ ቁጥር እንኳ የለውም። ሱዳን ሰላም በሆነች ጊዜ ይህ ብዙም አላስጨነቀ፤ ካርቱም ሥጋ ይፈልጋል፣ መተማ በሬ አለው። ያ ገበያ ሲናወጥ ግን በሬውን ወደ ሌላ ገዢ ለማዞር የሚያስችል ወረቀት በእጁ ያለው ነጋዴ ስንት ነው?

መፍትሔው ከውሻው ቢጀመር ይሻላል የሚለው ሐሳብ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ሂሳቡ ግን ያስኬዳል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽንና የብዙ ኤምባሲዎች መቀመጫ ናት። በየዓመቱ ተመድቦ የሚመጣና የሚሄድ ሠራተኛ አለ፤ እሱን ተከትሎ ውሻና ድመት አለ፤ የእያንዳንዳቸውን ደም ወደ ውጭ ልኮ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ባለቤት አለ። ገንዘቡ አሁንም እየተከፈለ ነው፣ የሚከፈለው ግን ለሌላ አገር ላቦራቶሪ ነው። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ተቋም ለዚህ አንድ ምርመራ ዕውቅና ቢጠይቅ መንገዱ የታወቀ ነው፦ የፈረንሳዩ የናንሲ ላቦራቶሪ የሚልከውን ማንነታቸው የተሰወረ ናሙናዎች በየዓመቱ መርምሮ ውጤቱ መግጠም አለበት። ያን ፈተና የለመደ ላቦራቶሪ ነገ ለበግና ለፍየል የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ውጤት ሲሰጥ የጅዳው ሐኪም የሚያምንበት ምክንያት ይኖረዋል። ከውሻው የሚሰበሰበው ክፍያ ደግሞ የኬሚካሉን ወጪ ይሸፍናል፤ ቢያንስ በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ «ሪኤጀንት አልቋል» የሚባለውን ያስቀራል።

አገሪቱ ይህን አትችልም የሚል ካለ የደስታ በሽታን ያስታውስ። ስሙ ደስታ፣ ሥራው ግን በክፉ ቀን ዘመን የኢትዮጵያን በሬ የጨረሰ። ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የታወቀላት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዓለም በሙሉ ነፃ የተባለው በ2011 ነው። ያ የተገኘው በመሐላ አይደለም። ከየወረዳው፣ ከአፋር እስከ ቦረና፣ ደም ተቀድቶ፣ ተመርምሮ፣ ተመዝግቦ ነው። ያን ሥራ የሠሩ ሐኪሞች ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ ልምዳቸው ግን ከአገር አልወጣም።

ምርመራው ለባለ ውሻ ፈረንጅ ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ካለም አንድ ነገር ይጨመርለት። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 የሚገመት ሰው ይገድላል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። በመንደሩ የተሰጠው የውሻ ክትባት መያዝ አለመያዙን የሚለየው ያው ምርመራ ነው። በሙቀት ተጓጉዞ የተበላሸ ክትባት በጠርሙሱ ላይ ምንም ምልክት አያሳይም፤ በደም ውስጥ ግን ይታወቃል።

እስከዚያው ድረስ ውሻ ያለውና ነገ ወዴት እንደሚመደብ የማያውቅ ሰው ዛሬውኑ ቺፑን ያስገባ፣ ያስከትብ፣ ከ30 ቀን በኋላ ደሙን ልኮ ውጤቱን ይያዝ። የመተማና የሁመራ ላኪም ግብርና ባለሥልጣን ዘንድ ሄዶ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለው፦ ለበሬው የጆሮ ቁጥር የሚሰጠው ማን ነው፣ በስንት ብር፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ?