ቀለሙ ከመስታወቱ ውጪ ይሁን

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የቤት ማስዋቢያ ገጽ ላይ፣ የዓሣ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ድንጋዩንና የጀርባውን ሰሌዳ ስፕሬይ ቀለም እየረጩ እንዲያሳምሩ የተሰጠውን ምክር አነበብኩ። በምክሩ አልስማማም። ገንዳን በቀለም ማሳመር ይቻላል፤ ቀለሙ ግን ከመስታወቱ ውጪ መቅረት አለበት።

ምክንያቱን የብርብራን ዛፍ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን መረብም መንጠቆም ሳይነካው ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ የሚገባው በስንጥቡ ነው። ዓሣን ከሚኖርበት ውኃ የሚጋርደው ነገር የለም፤ በስንጥቡ ስስ ቆዳ አየር ሲስብ ውኃው ውስጥ ከሟሟው ነገርም ብዙው አብሮ ወደ ደሙ ይገባል።

እንግዲህ ለመኪናና ለብረት በር የተሠራ ስፕሬይ ምን እንደያዘ እንይ። ሙጫ፣ የቀለም ዱቄት፣ እንዲሁም እንደ ቶሉይንና አሴቶን ያሉ ማሟሚያዎች (ቲነር) አሉበት። ጋራዥ የሠራ ሰው የቲነሩን ሽታ ያውቀዋል። ቀለሙ በሩብ ሰዓት ለጣት ቢደርቅም ማሟሚያው ከሥሩ ተንኖ እስኪያልቅ ቀናት፣ ወፍራም ከተቀባም ሳምንታት ይፈጃል። በዝገት መከላከያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ዚንክ አለ። ወርቃማው ቀለም ላይ የሚያብረቀርቀው ብናኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመዳብ የተሠራ ነው፤ መዳብ የውኃ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት የሚጨመር መርዝ መሆኑን ልብ ይሏል።

የእኛ የአብደራፊ ቆላ ነገሩን ያብሰዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ገንዳውም አብሮ ይሞቃል። 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል። አየሩ ያነሰበት ዓሣ ደግሞ ብዙ ውኃ በስንጥቡ ያሳልፋል፤ ከቀለሙ የሚለቀቀውም በሙቅ ውኃ ይፈጥናል። ብርዳማዋ ደብረ ብርሃን ላይ ምንም ያላደረገ ቀለም አብደራፊ ላይ ሊገድል ይችላል።

በከተማችን አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ትንንሽ የቆሮሶ ዓሦች የሚኖሩበት ገንዳ አይቻለሁ። ድንጋዮቹ ሰማያዊ ተቀብተዋል። የአንዱ ጠርዝ አብጦ ስለነበር ባለቤቱን አስፈቅጄ በጥፍሬ ስነካው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ሥሩ ርጥብ ነበር፤ ውኃው በቀለሙ ውስጥ አልፎ ድንጋዩ ጋ ደርሷል። ቆሮሶ ያገኘውን መልቀም ይወዳልና አንደኛው የተላጠውን ቁራጭ ጎርሶ ሲተፋ፣ መልሶ ሲጎርስ አየሁት። የቀሩት አፋቸውን የውኃው ገጽ ላይ ለጥፈው ያለከልኩ ነበር።

በውጭ አገር አንዳንድ የአክሪሊክ ስፕሬዮችን ለሳምንታት አድርቀው ያለ ችግር የሚጠቀሙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱ ግን ጣሳው ውስጥ ያለውን ለይተው ያውቃሉ። እኛ ሱቅ የሚመጣው ጣሳ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የማይነበብ፣ ለምን እንደተሠራ ሻጩም የማያውቀው ነው። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ መወሰኗ የሚያስመሰግን ነው፤ ደንቡ ግን ስለ እርሳስ እንጂ ስለ መዳብ፣ ስለ ዚንክ ወይም ስለ ቲነር አይናገርም። በቀለሙ ላይ ቨርኒሽ መደረብም መፍትሔ አይደለም፤ ቨርኒሹም ያው ማሟሚያ ያለበት ሽፋን ነው።

ገንዳው እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ውኃ ከመሙላቱ በፊት የኋላውን መስታወት ከውጪ በኩል ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይቀባ። ቀለሙ ውኃ አይነካውም፤ ከውስጥ ሲታይም ጥልቀት ይሰጣል። ብዙ ዓሣ ነጭ ጀርባ ላይ ሲሆን ቀለሙን ስለሚያደበዝዝ በጥቁሩ ላይ ደምቆ ይታያል። ለውስጡ አንገረብ ወንዝ ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ ይበቃል፤ ሳሙና ሳይነካው በብሩሽና በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ነጣ ያለ ድንጋይ ከሆነ አቼቶ ጠብ አድርጎ መሞከር ነው፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ይቅር።

ከዓሣው በላይ የሚያሳስበኝም አለ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሠራተኛው የሚጠጣበት የውኃ በርሜል ዝገቱ እንዳይታይ ውስጡ በዚሁ ቀለም ሲቀባ አይቻለሁ። ውኃ ውስጥ ቀለም ምንም አያደርግም የሚል ምክር በመጽሔት ከወጣ እዚያም ይደርሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ
ከአብደራፊ፣ ምዕራብ አርማጭሆ