«እሱማ ቅጠል ነው ጋሼ»

ግንቦት 2015 ዓ.ም ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ነበርኩ። አጥሩ ሥር የበቀለ ግራዋ አየሁና አጠገቤ ለቆመ የአምስተኛ ክፍል ልጅ «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። «እሱማ ቅጠል ነው ጋሼ» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ብርሃን አስተፃምሮ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ሳይደናቀፍ ነገረኝ። የግራዋን ስም ግን ያስተማረው የለም።

ቀና ብዬ ግቢውን ቃኘሁት። ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ሽውሽዌ፣ ዲከረንስ። አራቱም ከአውስትራሊያ የመጡ ዛፎች ናቸው። ይህን ስል ዛፎቹን ጠልቼ አይደለም። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ቤታችንን አቁሟል፣ ምጣዳችንን አግሏል። ዲከረንስም ከቡሬ ወዲያ፣ አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ፣ ከሰል ሆኖ እየተሸጠ የብዙ ገበሬ ጎጆ ቆርቆሮ አልብሷል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እዚያው አውስትራሊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው የአገሩን ዕፅዋት ይተክላሉ፤ የነባሩ ሕዝብ የአቦርጂኖች ሽማግሌዎችም እየተጠሩ የቱ እንደሚበላ፣ የቱ ለምን እንደሚሆን ለልጆች ያሳያሉ። የእኛ ልጅ በእነሱ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የገዛ አጥሩን ግራዋ ቅጠል ይለዋል።

አያቴ ጠላ ልትጠምቅ ስትል ግራዋ ቀንጥሶ የማምጣቱ ሥራ የእኔ ነበር። ቅጠሉን አሽታ የጋኑን ሆድ እጇ እስኪደርስ ትፈትገዋለች፤ አረንጓዴ አረፋ ይወጣል፤ ውሃው ጠርቶ እስኪፈስ ደጋግማ ታለቀልቀዋለች። ከዚያ ፍም ላይ የወይራ ስንጣሪ ጣል አድርጋ ጋኑን በአፉ ትደፋበታለች። ጭሱ ውስጥ ለውስጥ ሲዞር መዳፏን በጋኑ ሆድ ላይ አሳርፋ ሙቀቱን ትለካና «በቃው» ትላለች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም በደቂቃ አታውቀውም። ቡሬ ገበያ ጌሾ የሚሸጡትም እንዲሁ ናቸው፤ ቅጠሉን በጣታቸው አሸት አድርገው የከረመውን ካልከረመው ይለያሉ። ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። ፈተና ስለማይወጣበት ብቻ ትምህርት ሳይባል ቀርቷል።

ከእንዲህ ያለው ዕውቀት ምን እንደሚገኝ ማሳያው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በሚገድለው በእንዶድ ላይ ምርምር የተጀመረው እዚያ ወንዝ ዳር ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል። የእኛ ልጆች ወንዝ ለወንዝ እየዋሉ ነው የሚያድጉት፤ ይህን ታሪክ ከነተክሉ ቢያዩት እወዳለሁ።

የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎች ብዙ ጊዜ ምስጢራቸውን ለአንድ ልጃቸው ብቻ እንደሚያወርሱ ይታወቃል። እነሱ ተገድደው ያስተምሩ አልልም። እናቶች በግልጽ ከሚያውቁት እንጀምር፦ ዳማከሴ ለምች፣ ልምጭ ለጥርስ መፋቂያ፣ ብሳና ለጭርት፣ ኮባ ለዳቦ መጋገሪያ። አደጋውም አብሮ ይነገር። እንዶድ ከተዋጠ መርዝ ነው፤ ኮሶም መጠኑ ካለፈ ሰው ይጎዳል። ልጁ ተክሉን ይለይ እንጂ ሐኪም ይሁን አላልኩም።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ምዕራብ ጎጃምም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። «ልጆች ፊደል ባጡበት ጊዜ ስለ ግራዋ ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ አወራለሁ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ የሚውለው ከእናቱና ከአያቱ ጋር ነው፤ ጓሮው አልተዘጋም። ያ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ትምህርቱን ይቀጥል ይሁን ያቋርጥ አላውቅም፤ የአያቱ ጓሮ ግን ደጁ ላይ ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ እባካችሁ ልጆቹን ቅጠል እንዲያመጡ ስትልኳቸው ስሙንም ንገሯቸው። መምህራንም የትምህርት ቤቱ በር ሲከፈት ከግቢው አንድ ጥግ ለዚህ ተዉለት፤ እነዚያኑ እናቶች ጥሩና ያስተምሩበት። ሐምሌ ላይ ለአረንጓዴ አሻራ ችግኝ የምታድሉ ሰዎች ደግሞ ለትምህርት ቤቶቹ ዋንዛ፣ ወይራና ኮሶ አድርሱላቸው።