ከወርቁ በፊት የት ነበርን?

እ.ኤ.አ ኦገስት 9 ቀን 2024 ፓርክ ደ ፕረንስ ስታዲየም ለፈረንሳይ ኳስ አፍቃሪ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር ያመሸው። የቲየሪ ሄንሪ ልጆች በባከነው ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት አግብተው 3ለ3 ቢሆኑም በተጨማሪው 30 ደቂቃ ስፔን ሁለት ደግማ 5ለ3 ረታቻቸው። የኦሎምፒኩ ወርቅ ከእጃቸው አመለጠ። በማግስቱ እዚያው ፓሪስ፣ ግራን ፓሌ ውስጥ፣ አንዲት የ22 ዓመት ወጣት ኳሱ ያጣውን ወርቅ በእርግጫ አመጣችው። አልቴያ ሎራን ትባላለች። ቴኳንዶም እኮ የእግር ጨዋታ ነው!

ልጅቷ የተወለደችው በፓሪስ ዳርቻ በኤፒኔ ሱር ሴን ነው። አካባቢው ኪሊያን ምባፔን ያበቀለው የሴን ሳን ዴኒ አውራጃ ነው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ገና በ19 ዓመቷ ከ67 ኪሎ በላይ ነሐስ አጠለቀች። በ2023 ባኩ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በፓሪስ ደግሞ ከ67 ኪሎ በላይ ተወዳድራ በፍጻሜው የኡዝቤኪስታኗን ስቬትላና ኦሲፖቫን አሸነፈች። ለፈረንሳይ ቴኳንዶ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ መሆኑ ነው።

ይህ ወርቅ ግን ከሰማይ ዱብ አላለም። ቴኳንዶ በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የሜዳሊያ ስፖርት ሲሆን ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋው ፓስካል ዣንቲ ነሐስ ወሰደ። በ2004 አቴንስ ላይ ደገመው። በዚያው ዓመት ሚርያም ባቭሬል ብር አመጣች። በ2016 ሪዮ ላይ ሃቢ ኒያሬ ለፍጻሜ ደርሳ በኮሪያዊቷ 13ለ12 ተሸነፈች። በአንዲት ነጥብ! ምን አለፋችሁ፣ ፈረንሳይ በሩን ስታንኳኳ 24 ዓመት ፈጅቶባታል።

እዚህ ላይ እኛ ኳስ አፍቃሪዎች ራሳችንን መጠየቅ አለብን። አንድ አጥቂ ሦስት ጨዋታ ጎል ሳያገባ ሲቀር ሳምንቱን ሙሉ እናወራለታለን። ሎራን ከቶኪዮ እስከ ፓሪስ ሦስት ዓመት ስትለፋ ግን ስሟን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? የዓለም ሻምፒዮን ስትሆንስ ማን ዞር ብሎ አያት? የስፖርት ጋዜጠኛውም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። ካሜራውን ይዞ የሚሮጠው ሜዳሊያው አንገት ላይ ከገባ በኋላ ነው።

ዣንቲ የኦሎምፒክ ወርቅ ሳያጠልቅ፣ በሁለት ነሐስ ብቻ፣ በአገሩ የቴኳንዶ መለያ ለመሆን በቅቷል። ዝና የግድ የወርቅ ቀለም የለውም ማለት ነው። ኳሱ ዘጠና ደቂቃውን በየሳምንቱ ያገኛል። የቴኳንዶ ተወዳዳሪ ግን በአራት ዓመት አንዴ፣ ያውም በአንድ ቀን፣ ሁሉንም ማሳየት አለበት። ቀጣዩ ኦሎምፒክ በ2028 በሎስ አንጀለስ ነው። ያኔ ለማጨብጨብ ሁላችንም እንገኛለን። ቁም ነገሩ እስከዚያ ድረስ የምናያቸው መሆኑ ላይ ነው። ሻምፒዮን የሚሠራው ጭብጨባ በሌለበት ሰዓት ነውና።