ስለ አርጃኖ ጥቅምና ጉዳት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ አርጃኖን ባዩ ጊዜ ዱላ የሚያነሡበት ብዙዎች ናቸው። የሚቀርብበትም ክስ ሁለት ነው፤ አንደኛው ዶሮ ይበላል፥ ሁለተኛው በመርዙ ሰው ይገድላል የሚል። የፊተኛው እውነት ነው፤ የኋለኛው ግን ፍርሃት የወለደው ነው። ስለዚህ ሹማምንትና ባለይዞታዎች ነገሩን ሳይመረምሩ ሊፈርዱ አይገባም።

የእንሽላሊት ወገን ብዙ ነው። የግድግዳው እንሽላሊት በሌሊት የእሳት ራትና ትንኝ ይለቅማል፤ ገበሎ በድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጉንዳንና ጢንዚዛ ይበላል፤ እስስት በረጅም ምላሷ ዝንብና ፌንጣ ትይዛለች። በኢትዮጵያ ካሉት እንሽላሊቶች በመርዙ ሰውን የሚገድል አንድም የለም።

አርጃኖ ከነዚህ ሁሉ ይረዝማል፤ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ምግቡም ሸርጣን፥ ቀንድ አውጣ፥ እንቁራሪት፥ ዓሣ፥ አይጥና የወፍ እንቁላል ነው። የሞተውንም ዓሣ ስለሚበላ የውኃውን ዳር ያጸዳል። የሚያድነው በቀን ነው። በዝናም ወራት እንስቲቱ የምስጥ ኩይሳ ቀዳ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ምስጦቹም ቀዳዳውን ሲደፍኑት እንቁላሉ በሙቀትና በእርጥበት ተጠብቆ ብዙ ወራት ይቈያል። አርጃኖ ሰው ሲቀርበው ወደ ውኃ ይሸሻል፤ መሸሻ ያጣ እንደ ሆነ ግን ይነክሳል፥ በጅራቱም ይገርፋል።

እንግዲህ ደንገሉ ታጭዶ የባሕር ሸሽ እርሻ እስከ ውኃው አፍ ሲደርስ አርጃኖና ዶሮ ጎረቤት ይሆናሉ። ጥፋቱ የአውሬው ብቻ አይደለም። ቢሆንም አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ለድኻ ቤት ትልቅ ሀብት ናትና፥ «አትግደሉ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም። የዶሮው ቤት ቀዳዳ የሌለው ይሁን፤ የምታቅፈው ዶሮ በሰው ቤት ውስጥ ትቀመጥ፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ በመንደር አጠገብ አይጣል፤ በውኃው ዳር ያለው ደንገል ሳይታረስ ይተው።

የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተጠበቀ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. በገባችበት የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የአርጃኖ ቆዳ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር አይወጣም። ሕጉ በወረቀት እንዳይቀር የሚያደርገው ግን የወረዳው ሹም ትጋት ነው። ዶሮው በበሩ፥ አርጃኖውም በደንገሉ ቢጠበቅ ሁለቱም በየቦታቸው ይኖራሉ።