ጦርና ዶቃ

እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ነገሮች ተወለዱ፤ ጁባን ርእሰ ከተማዋ ያደረገችው ደቡብ ሱዳንና «የቀለበቶቹ ጌታ» የተሰኘው የካርታ ጨዋታ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾች እርስ በርስ አይጋጠሙም፤ ተባብረው የጋራ ጠላት ይገጥማሉ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ እስከ ፍጻሜው ቢዘልቅ ድሉ የሁሉም ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ 50 ካርታ መርጦ ይሰለፋል።

አዋቂ ነን ባዮች ግን «ጭብጥ ጌጥ ነው፤ ኃይለኛ ኃይለኛውን ሰብስብ» ይላሉ። ምክሩ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ኃይሉን ሁሉ የጠቀለለ ሰው ባልንጀራውን ተመልካች ያደርገዋል። ጭብጥ ግን ለምርጫ ልክ ያበጅለታል፤ ለሌላውም ድርሻ ያስቀርለታል።

ለጁባ ወጣት ደግሞ ጭብጥ ከሩቅ አይለመንም። የሉዎ ሕዝቦች አፈ ታሪክ አለ። ወንድሙ ጦሩን ያጠፋበት ሰው ምትክ አልቀበልም፣ «ያንኑ አምጣ» አለ። ያ ወንድም ጦሩን ለፍቶ መለሰ፤ በተራውም የወንድሙ ሕፃን ዶቃውን በዋጠ ጊዜ «ያንኑ» ብሎ ሆዱን አስቀደደ። ሁለቱም ተለያዩ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ጁባ ላይ ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ የታየውስ ከዚህ «ያንኑ» ምን ያህል ይርቃል?

እንግዲህ ካርታው በእጅ ተሥሎም ቢሆን አንዱ ጦሩን፣ ሌላው ዶቃውን ይያዝ፤ አንዱ ያለሌላው እንዳያሸንፍ ሆኖ ይሰናዳ። ይህ የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ቢኖር፣ አዋቂዎች ያለጨዋታ ምን እንዳተረፉ ያስረዳ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ። ሃምሳ ካርታም እንዲሁ ነው።