የፋብሪካው ኮምፒዩተር የአውድማውን መዝገብ ይጠይቃል

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ስለ ፋብሪካ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ኮምቦልቻ ነው። ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ለመድረስ መንገዱ ከ60 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይዘልም። ይሁን እንጂ ገበሬውን ከፋብሪካው የሚያርቀው ኪሎ ሜትሩ አይደለም። ፋብሪካ ዛሬ የሚሠራው በመረጃ ሲሆን የገበሬው ምርት ግን በአብዛኛው የሚሸጠው ያለ መረጃ ነው። ይህ ልዩነት ካልጠበበ ፋብሪካ ከደጃፍ ቢተከል እንኳ ጥቅሙ ለሌላ ይሆናል። ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ነገሩን የከተማ ሰው ጉዳይ ነው ብለው ሊያልፉት አይገባም።

ኮምፒዩተር ከገጠር ሕይወት የራቀ ባዕድ ነገር ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን አንዱ መነሻው ሽመና ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ዣካር የተባለ ፈረንሳዊ ቀዳዳ ባላቸው ካርዶች የሚመራ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ካርዱ ላይ ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሳል፤ ከሌለ ባለበት ይቀራል። እንዲህ እየሆነ ሸማኔው በጭንቅላቱ ይዞት የነበረው የጥበብ አሠራር በካርድ ላይ ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1890 አሜሪካ የሕዝብ ቆጠራዋን በቀዳዳ ካርድ አጠናቀረች፤ በ1952 ደግሞ በዚያው አገር በተበሳ የወረቀት ጥቅል እየታዘዘ ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ ለሕዝብ ታየ። የዛሬዎቹም የፋብሪካ መሣሪያዎች መሠረታቸው ይኸው ነው፤ ባለሙያው የሚያውቀው ነገር ተጽፎ ለመሣሪያው ትእዛዝ ይሆናል።

ለገበሬው ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የእህል መለያው መሣሪያ ነው። ማሾ፣ ቦሎቄ፣ ሰሊጥና የመሳሰለውን ለውጭ ገበያ ለማዘጋጀት ካሜራ የተገጠመለት መሣሪያ በሥራ ላይ ይውላል። እህሉ በካሜራው ፊት ሲወርድ ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ፍሬ ቀለም ይመለከታል፤ የጠቆረውን፣ የተበላሸውንና ባዕድ ነገሩን ባየ ጊዜ በአየር ግፊት ከመካከል ያስወጣዋል። እናቶች በሰፌድ እያበጠሩ በዓይናቸው ይለዩት የነበረውን፣ መሣሪያው ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን ይለየዋል። ይህ መሣሪያ አይታለልም፤ አይለመንምም። ብዙ የሚያስወጣለት እህል ለአዘጋጁ ኪሣራ ስለሆነ፣ ነጋዴው በሚቀጥለው ዓመት ለዚያ አካባቢ ምርት የሚሰጠውን ዋጋ መቀነሱ አይቀርም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያመጣው ዋና ለውጥም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እህሉ በናሙና ተመርምሮ፣ ደረጃ ወጥቶለትና ተመዝኖ መጋዘን ይገባል፤ ገዢው ግን ጆንያውን ሳያይ በተጻፈው ደረጃ ይገዛል። ግብይቱ መጀመሪያ በአዳራሽ ውስጥ በድምፅና በእጅ ምልክት ይካሄድ ነበር፤ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። በዚህ አሠራር የሚሸጠው እህሉ ብቻ አይደለም፤ ስለ እህሉ የተጻፈው ቃል ጭምር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የልጆች ሥራ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የልብስና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ለገጠር ወጣቶች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ሥራ ይከፍታሉ ተብሎ ታምኖበት ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ በከተማዋ ፋብሪካዎች ላይ ዘረፋና ውድመት ደረሰ። አሜሪካም አጎዋ በሚባለው ሕግ ለኢትዮጵያ ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገደች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጉልበት ዋጋ ርካሽ መሆኑን ብቻ ተማምኖ የሚመጣ ፋብሪካ፣ ርካሽነቱ ሲቀር ወይም ገበያው ሲዘጋ ለመሄድም ቅርብ ነው።

በዚህ ላይ ቴክኖሎጂው የሥራውን ዓይነት እየለወጠ ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቁ ሳይባክን እንዴት እንደሚቆረጥ የሚያወጣው ኮምፒዩተር ነው፤ የሚቆርጠውም በዚያው የሚመራ ቢላዋ እየሆነ መጥቷል። ለስላሳ ጨርቅን ይዞ መስፋት ግን ለመሣሪያ አስቸጋሪ ስለሆነ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሰው እጅ ይፈልጋል። አዲዳስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ጫማን በአብዛኛው በመሣሪያ የሚሠሩ ሁለት ፋብሪካዎች በጀርመንና በአሜሪካ አቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለቱንም ዘግቷል። ስለዚህ «መሣሪያ መጥቶ የሰውን ሥራ ሁሉ ጨረሰ» ብሎ መሸበር ተገቢ አይሆንም። ሆኖም መሣሪያውን የሚያዝዘው፣ የሚጠግነውና ቁጥሩን የሚያነበው ሠራተኛ ተፈላጊነቱ ይጨምራል፤ ጉልበቱን ብቻ ይዞ የቀረበው ግን ከቦታው የመነሳቱ ዕድል ሰፊ ነው። ከሐይቅም ሆነ ከአምባሰል ሴት ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጣ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ፋብሪካ በር ስትሄድ፣ የሚጠብቃት ይኸው ሁለተኛው ቦታ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ልጅቱ ሒሳብና ሳይንስ ተምራ እዚያ ብትደርስ የሚጠብቃት ሌላ ነው።

እንግዲህ ማኅበሩ ምን ሊያደርግ ይችላል? መልሱ ውድ መሣሪያ ከመግዛት አይጀምርም። የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። መዝገብ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በትምህርትና በመጻሕፍት የታወቀ ነው። ገበሬውም ራሱ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጠው፣ ተጽፎ የተያዘ ነገር በድንበር ክርክር ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዳ አይቷል። መሬቱ የተመዘገበለት ገበሬ ምርቱ ሳይመዘገብ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

የሚመዘገበውም ቀላል ነው። እህሉ ከማን ማሳ መጣ? ዘሩ ምንድን ነው? መቼ ታጨደ? የተወቃው በምን ዓይነት አውድማ ላይ ነው? ሲመዘን ስንት ሆነ? እርጥበቱስ? ለዚህ አንድ ደብተር፣ አንድ ትክክለኛ ሚዛን፣ በጋራ የተገዛ አንድ የእርጥበት መለኪያና አንድ ሰንጠረዥ መሙላት የሚችል ወጣት ይበቃል። መብራትና ኔትወርክ ባልደረሰበት ቀበሌ ከወረቀት መጀመር ይቻላል፤ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር መገልበጡ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ጥቅሙን በሒሳብ ማየት ይቻላል። 100 አባላት እያንዳንዳቸው 5 ኩንታል ማሾ ቢያመጡ 500 ኩንታል ይሆናል እንበል። ከእነዚህ 10 ሰዎች ያልደረቀ እህል አምጥተው ከሌላው ጋር ቢቀላቀል፣ ደረጃው የሚወርደው የ10ሩ ብቻ ሳይሆን የ100ው ነው። በኩንታል የ200 ብር ልዩነት ቢኖር ማኅበሩ 100,000 ብር ያጣል። መዝገብና መለኪያ ቢኖር ግን የ10ሩ እህል ተለይቶ ይሰጣል፤ ሲደርቅም ተመልሶ ይገባል። የእርጥበት መለኪያውን ዋጋ ከዚህ ኪሣራ ጋር የሚያነጻጽር መሪ ውሳኔው አያስቸግረውም።

በዚህ ጉዳይ ገበሬው የሚጠራጠርበት ምክንያትም አለ። ምርቱ ሲጻፍ ግብር ይጨመርብኛል፣ ደላላው ጓዳዬን ያውቅብኛል ብሎ ይሰጋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ስጋቱ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። መፍትሔው ግን አለመጻፍ አይደለም፤ መዝገቡ የማን እንደሆነ በጠቅላላ ጉባኤ መወሰን ነው። ዋናው መዝገብ በማኅበሩ እጅ ይቀመጥ፤ አባሉ የራሱን ቅጅ ይያዝ፤ ለገዢ የሚሰጠው ስለ እህሉ እንጂ ስለ ሰውዬው ጓዳ አይሁን።

ግዴታው የአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነም ሊታወቅ ይገባል። ከገበሬው የተለካ ምርት የሚጠይቅ ፋብሪካ፣ የሚፈልገውን ደረጃ ከዘር ወቅት በፊት በአማርኛ ጽፎ ማሳወቅ፣ የሚዛኑንና የመለኪያውን ውጤት በወረቀት መስጠት፣ ለተሻለው ደረጃም የተሻለ ዋጋ መክፈል አለበት። ይህ ካልሆነ ደብተሩ ለገበሬው ተጨማሪ ድካም ብቻ ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመትም የሚሞላው አይገኝም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት የእርሻ ምክር ወደ ገበሬው እንዲደርስ ረድቷል። እስካሁን መረጃው በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ቆይቷል። አሁን የሚያስፈልገው ከገበሬው ወደ ገዢው የሚሄድ፣ በዋጋም ተመልሶ የሚመጣ መረጃ ነው።

የመኸሩ አዝመራ ከመታጨዱ በፊት የሐይቅና የአምባሰል የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሦስት ነገሮችን ለጉባኤ ሊያቀርቡ ይገባል። እነርሱም የምርት መዝገብ የሚይዝ ሰው መምረጥ፣ የጋራ ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ የሚገዛበትን ገንዘብ መመደብ፣ እንዲሁም ትምህርት ሊያቋርጡ የተቃረቡትን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግሮ ወደ ክፍል መመለስ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለዘንድሮው ገበያ ይደርሳሉ። ሦስተኛው ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ሊቀድም የሚገባው እርሱ ነው።